ሳምቡሳዬ ሳትበርድ

የነገሩ መነሻ አንድ ጠፍጣፋ ዱላ፣
ስቶር የከረመ ከአሮጌ ሰሌዳ ኋላ፤
ሚስተር ኩሪያን ነው፣ በጡረታ ወጥቶ፣
ኬረላ ሲመለስ ሻንጣ ጠብቦት፣ ትቶ።
አቧራውን ጠርገን «ክሪኬት» አልንና፣
ቡድን አቋቋምን ቅዳሜ ጧት ገና፤
ስድስት ከውሃ ልማት፣ ሁለት ከባንክ ቤት፣
አንድ ባጃጅ ነጂ፣ አንድ ከዳቦ ቤት፣
አሥራ አንደኛው እኔ፣ ዱላ ያልጨበጥሁ፣
ነጥብ ያዝ ተብዬ መዝገብ የታቀፍሁ።

ሕጉን የሚያውቀው ታጁዲን ብቻ ነው፤
እሱም ሻርጃ ሳለ፣ ዘበኛ ሆኖ፣ በአጥር ሾልኮ ያየው።
ዊኬት የሚባለው ሦስት ዘንግ ነው ሲለን፣
የማንን ቤት ደጃፍ ዘንግ ልንለምን?
ሦስት እግር ያለው ዕቃ ከጅማ መች ጠፍቶ!
በርጩማ ገለበጥን፣ እግሩ ሰማይ አይቶ።

የአጋሮ መምህራን በሚኒባስ መጡ፣
መጀመሪያ መትተው ሃምሳ ሁለት አመጡ።
የተወራረድንበት ሙክት በግ ታስሯል፣
ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ሣሩን ይነጫል።
ፊጣና ሙዘይን ገብተው ሲጀምሩ፣
አርባ አንድ ደረስን ሁለቱም ሳይበገሩ።
አቶ ዘለቀማ፣ አለቃችን፣ ቀድሞ
ላቱን ይዳስሳል ከበጉ ጎን ቆሞ።
እኔም ልቤ ረግቶ ሳምቡሳ አስመጣሁ፣
ትኩስ ናት፣ ትብረድ ብዬ መዝገቡ ላይ አኖርሁ።

እንግዲህ ከዚህ ነው።

ፊጣ ስልኩ ጮኸ፣ የምትደውል ሚስቱ፤
ኳሷ በርጩማውን፣ «ሃሎ» ከማለቱ።
ዘለቀ ከወዲያ፣ ሙዘይን ከወዲህ፣
መሐል ተገናኙ። «እለፍ እባክህ።»
«ኧረ አንተ ቅደም!» «በሞቴ!» «አይሆንም!»
አጋሮ ግን ኳሷን ይዞ ለሰላምታ አልቆመም።
ሙዘይን ተሰናበተ።
የቀረው ዘለቀ ነው፤ ሦስት ኳስ አልዘለቀም፤
ዱላውና ኳሷ ዕድሜ ልክ አይተዋወቁም።
ሽመልስ መለሰ፣ ስሙን አከበረ፣
ኳሷን ለወርዋሪው ከእጁ ላይ አኖረ።
ነስሩ፣ ባለ ዳቦው፣ ዞሮ በኃይል ሲመታ፣
የዊኬቱን አንድ እግር ሰበረው በአፍታ፤
ዕቃው የአማቱ ነው። ሽንፈት ማን ቆጠረው?
ምን ብሎ ይገባል? እሱ ነው ያስፈራው።
ባጃጅ ነጂው ዲኖ ዱላውን ሲያነሣ፣
አንዲት ሴት ከአስፋልቱ «ሂርማታ!» አለችሳ፤
እንጀራ ነውና ዱላውን ጣለብኝ፤
«በባጃጅ ወጣ» ስል ጻፍሁ፣ ሕጉ ግራ ገባኝ።
ሰባተኛው በምን፣ ስምንተኛው እንዴት
እንደተሰናበቱ አልሰፈረም በእውነት፤
የሳምቡሳዬ ዘይት ገጹን አልብሶታል፣
ታሪክ እንዲህ እንዲህ እያለ ይጠፋል።
ዘጠነኛው ቶላ፣ የባንክ ገንዘብ ያዥ ነው፤
ያለ ፊርማ አይነካም፤ ኳሷም አለፈችው።

ሁላችን ወደ ጅሬን አንጋጠን ለመንን፤
ጅማ ናት፣ ክረምት ነው፣ ዝናብ መች ቸገረን!
ለሠርግ ይመጣል፣ ለለቅሶ ይመጣል፣
ልብስ ሲሰጣ እንኳ ሳይጠራ ይደርሳል፤
ያን ዕለት ሰማዩ የታጠበ ሳህን፣
አንድ ደመና የለም የሚያስጥለን።

«ተነሣ» አሉኝ፤ ሄድሁ። ታጁዲን ከማዶ
«ዓይንህን አትጨፍን!» አለኝ ተናድዶ።
ጨፈንሁ። ወረወሩ። ኳ! አለ አንድ ነገር፤
መታሁ ብዬ ሮጥሁ እስከ አዌቱ ዳር፤
ሜዳው ሲስቅ ሰማሁ፣ ጭብጨባ መስሎኝ
እጄን አውለበለብሁ። ለካ በርጩማው ነው፣
ባለ ሁለት እግሩ፣ ወድቆ የጠበቀኝ።

አርባ አንድ ነበርን። አርባ አንድ ቀረን።

በጉ በሚኒባስ፣ በመስኮት አሻግሮ
አየን፣ አልፈረደም፤ ሄደ ወደ አጋሮ።
መኪናው ታጥፎ ከዓይን እንደተሰወረ፣
ያ ዝናብ፣ ያ የጅማ፣ መውረድ ጀመረ።
ከዛፉ ሥር ቆምን፤ ዘለቀ ብቻውን
በክንዱ ይጠቀልላል ባዶ ገመዱን።
መዝገቤን ሳነሣ ሳምቡሳዬ አለች፤
ነከስኋት። ምላሴን፣ ገና፣ አቃጠለች።